ስለ «የጥርጣሬ ጥላ» ፊልም

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1943 ያቀረበው «የጥርጣሬ ጥላ» በወንጀል ታሪክነቱ ይታወቃል። የእኛን ትኩረት የሳበው ግን ከግድያው ይልቅ የአንዲት ወጣት ልብ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ በምትባል ጸጥተኛ ከተማ ነው። ቻርሊ (ቴሬሳ ራይት) በትምህርቷ ጎበዝ የነበረች፣ አሁን ግን የቤቱ ኑሮ የሰለቻት ልጅ ናት። ስሟ የእናቷ ወንድም ስም ነው። ይህ አጎቷ (ጆሴፍ ኮተን) ከሩቅ ሲመጣ ባቡሩ ጣቢያውን በጥቁር ጭስ ያለብሰዋል። ልጅቷ ጭሱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ እየሮጠች ትቀበለዋለች። እኔና አንተ እንደ መንታ ነን ትለዋለች። ቀለበት ሲያጠልቅላት ደስታዋ ወሰን ያጣል። በቀለበቱ ውስጥ ግን የማታውቃቸው ሰዎች ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸዋል።

ፍቅር አሳወራት የሚሉ ተመልካቾች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። አባትየው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ማታ ማታ ሰው ስለሚገደልበት ዘዴ ሲያወጋ ነፍሰ ገዳዩ በገዛ ቤቱ ይኖራል! እናትየው ወንድሟን ከማምለክ አትወጣም። ፖሊስም ሌላ ተጠርጣሪ ሲሸሽ ስለሞተ ጉዳዩን ይዘጋል። አጎቷ ጋዜጣ ቀዶ መደበቁን ልብ ያለችው፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውና ዓይኗን ከእሱ የማትነቅለው ቻርሊ ብቻ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሲል ገብታ ጋዜጣውን ታነባለች፤ በገዳይ እጅ የሞተችው ባለጸጋ መበለት ስም ከቀለበቱ ፊደላት ጋር ይገጥማል። በዚያች ቅጽበት ካሜራው ወደ ላይ ይርቃል፤ ልጅቷ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ትንሽ ሆና ትታያለች።

ወጣቱ መርማሪ ቻርሊን የሚወድበት ክፍል ደካማ ነው። የተሰበረው ልብ ባዶውን እንዳይቀር በችኮላ የተጨመረ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የፊልሙ ጭንቀት በዝምታዋ ላይ ያርፋል። እናቷን ላለመግደል ስትል እውነቱን ትደብቃለች። አጎቷም ይህን ዐውቆ ዝምታዋን መሸሸጊያ ያደርገዋል፤ የደረጃው መሰበርና በጋራዡ ውስጥ በመኪና ጭስ መታፈኗ የመጡት ከዚሁ ነው። ፊልሙ ዝምታዋን እንደ ጀግንነት ያየዋል። እኛ ግን ሰሚ ያጣች ልጅ የተሸከመችው ሸክም ነው እንላለን። በሚጓዝ ባቡር ላይ ሊጥላት ሲታገል ራሱ ወድቆ ይሞታል። በቀብሩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የከተማው ሰው ደግነቱን ሲያወድስ ይሰማል፤ ቻርሊ ደጅ ቆማለች።