ጥቅሱን የት ላይ እንቆርጣለን? በመከራና በደስታ ስለምናቀርበው ምስጋና

በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አገልጋይ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ሲቆም ሦስት ክፍሎች ደጋግመው ይሰማሉ። አንዱ ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ካጣ በኋላ የእግዚአብሔርን ስም የባረከበት ነው (ኢዮ. 1፥21)። ሁለተኛው ዕንባቆም ዛፉም እርሻውም በረቱም ባዶ በቀረበት ቀን በአምላኩ ሐሤት ለማድረግ የቆረጠበት ነው (ዕን. 3፥17–18)። ሦስተኛው ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በእኩለ ሌሊት የዘመሩበት ነው (ሐዋ. 16፥25)። ሦስቱም እውነተኛ የምስጋና ቃሎች ናቸው፤ ሦስቱንም ልንሰብካቸው ይገባል። ጥያቄዬ ንባቡን የት ላይ እንደምንጀምርና የት ላይ እንደምናቆም ነው። እነዚህን ክፍሎች ከፊታቸውና ከኋላቸው ቆርጠን ስናነብባቸው፣ ለሐዘንተኛው ብርታት እንዲሆን የተሰጠው ቃል «አታልቅስ» የሚል ትእዛዝ ይሆንበታል። ይህ ብቻ አይደለም፤ በደስታችን ቀን የምናቀርበው ምስጋናም አብሮ ይሳሳል።

ከኢዮብ እንጀምር። የምስጋናው ቃል በቁጥር 21 ላይ ይገኛል። ቁጥር 20 ግን ኢዮብ ልብሱን እንደ ቀደደ፣ ራሱን እንደ ተላጨ፣ በምድር ላይ ተደፍቶም እንደ ሰገደ ይነግረናል። ሐዘኑና ስግደቱ በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ናቸው። ጸሐፊው ልብስ መቅደዱን የእምነት ጉድለት አድርጎ አልቆጠረበትም፤ እንዲያውም በቁጥር 22 በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዳልበደለ ይመሰክርለታል። ወደ ፊት ስናነብ ያው ሰው በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ሲረግም፣ ከዚያም ምዕራፍ በምዕራፍ ከፈጣሪው ጋር ሲሟገት እናገኘዋለን። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ (2፥13) መልካም አጽናኞች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ለእግዚአብሔር ጠበቃ መሆን ሲጀምሩ ግን ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሱ። እግዚአብሔር ኢዮብን ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ እንደ ገሠጸው አንዘነጋም። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ቁጣው የነደደው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ትክክለኛውን ተናግሯል የተባለውም ኢዮብ ነው (42፥7)። ምዕራፍ 1ን አንብበንለት፣ ሐዘንተኛው ራሱ ምዕራፍ 3 ላይ ሲደርስ የምንደነግጥና የምናርመው ከሆነ፣ በእጃችን የያዝነው የኢዮብ ቃል ቢሆንም በአፋችን ያለው የወዳጆቹ ንግግር ነው።

ዕንባቆምም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በጩኸት ነው፤ ነቢዩ ግፍን እያየ «እስከ መቼ?» ይላል (1፥2)። መልስ ሲሰጠውም መልሱ ራሱ ያስጨንቀዋልና ሌላ ጥያቄ ይዞ በመጠበቂያው ላይ ይቆማል (2፥1)። ከምስጋናው ቃል አንድ ቁጥር ቀደም ብላችሁ 3፥16ን ብታነብቡ፣ አንጀቱ የታወከ፣ ከንፈሩ የተንቀጠቀጠ፣ አጥንቱ የዛለ ሰው ታገኛላችሁ። በቁጥር 18 ሐሤት ያደረገው ይኸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። በዝማሬው መጨረሻ ደግሞ ለመዘምራን አለቃ የተሰጠ መመሪያ አለ (3፥19)፤ ይህም ቃሉ ለጉባኤ ዝማሬ እንደ ቀረበ ያሳየናል። እስራኤል የዘመረችው ደስታውን ብቻ አይደለም፤ መንቀጥቀጡንም ዘምራዋለች። በቁጥር 17 ላይ የተዘረዘሩት ስድስት ኪሳራዎች ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ረኀብ ማለት ናቸው። ነቢዩ አንዱንም አላቃለለም፤ «በረከት ነው» ብሎ ስሙን አልለወጠውም። ምስጋናው የቆመው «ምንም እንኳ» በሚለው ቃል ላይ ነው። «ምንም እንኳ» የሚል ሰው ደግሞ የጎደለውን በስሙ መጥራት አለበት።

በፊልጵስዩስ ወህኒ የተዘመረው ዝማሬ ታሪክም በመሬት መናወጥና በወህኒ ጠባቂው መዳን አያበቃም። በነጋ ጊዜ ገዥዎቹ ጳውሎስንና ሲላስን በዝምታ ሊሸኟቸው ፈለጉ። ጳውሎስ ግን እምቢ አለ፤ ሳይፈረድባቸው የሮም ዜጎች ሆነው በሕዝብ ፊት መደብደባቸውን ጠቅሶ፣ ገዥዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው ጠየቀ (16፥37)። በሌሊት የዘመረው አፍ በማለዳ በደሉን በደል ብሎ ጠራው። ምስጋናው ግፉን ግፍ ከመሆን አላዳነውም። በትዳሯ የምትደበደብ እኅት ወይም ደመወዙ የተነፈገ ወንድም ወደ ቢሯችን ሲመጡ «ጳውሎስና ሲላስ እኮ ዘመሩ» ብለን ብቻ ብንሸኛቸው፣ ከምዕራፉ የወሰድነው ግማሹን ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ጳውሎስ ራሱ ስለ ሁሉ አመስግኑ ብሎ የለምን?» ትሉ ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ መመለስም አለበት። ሜርሊን ካሮዘርስ የተባሉ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ቄስ እ.ኤ.አ. በ1970 «ፕሪዝን ቱ ፕሬይዝ» በተባለ መጽሐፋቸው ያስፋፉት ትምህርት፣ አማኝ በሁሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ስለ ሁሉም፣ ስለ ክፉው ነገር ጭምር ሊያመሰግን ይገባል የሚል ነው። የመጽሐፉ መልካም ጎን እግዚአብሔር በማናቸውም ሁኔታ ላይ ጌታ መሆኑን በድፍረት ማመኑ ነው። ሆኖም የቅዱሱን ቃል ሚዛን አልጠበቀም። በ1 ተሰ. 5፥18 ያለው የግሪኩ አነጋገር «ኤን ፓንቲ» ነው፤ ይህም «በሁሉ ውስጥ» ማለት ነው። በኤፌ. 5፥20 ያለው «ሁፐር ፓንቶን» በርግጥ «ስለ ሁሉ» ማለት ነውና ልናድበሰብሰው አይገባም። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ጳውሎስ የጨለማን ሥራ እንዲገልጡት አማኞችን ያዝዛል (5፥11)። አንድን ክፋት እንድንገልጠውና እንድንቃወመው፣ እንዲሁም ስለ ክፋትነቱ እንድናመሰግንበት በአንድ ትንፋሽ አይነግረንም። «ሁሉ» የሚለው እግዚአብሔር በክርስቶስ የሰጠንንና የሚሠራውን ሁሉ ይይዛል፤ ክፉውን መልካም ብለን እንድንሰይም ግን አያስገድደንም።

የጳውሎስ ሕይወትም ይህንኑ ያስረዳል። ሁልጊዜ ደስ እንዲላቸው ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ሐዋርያ (4፥4)፣ በዚያው መልእክት አፍሮዲጡ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በሐዘን ላይ ሐዘን ይጨመርበት እንደ ነበር ይናገራል (2፥27)። ስለ ሙታን ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍም የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው (1 ተሰ. 4፥13)፤ ማዘንን አልከለከለም። ከሁሉ በላይ ጌታችንን በአልዓዛር መቃብር እንመልከተው። በዮሐንስ 11 ቁጥር 33 በመንፈሱ ታወከ፤ የግሪኩ ቃል ቁጣን ያዘለ ነው። በቁጥር 35 አለቀሰ። በቁጥር 41 አባቱን አመሰገነ። ያመሰገነው ስለ ሞቱ ሳይሆን አባቱ ስለ ሰማው ነው። ሙታንን የሚያስነሣው ጌታ ሊያስነሣው ደቂቃዎች ለቀሩት ወዳጁ ካለቀሰ፣ የትንሣኤን ቀን የምንጠብቅ እኛ ዕንባችንን የምናፍርበት ምክንያት የለም።

የመዝሙረ ዳዊት አወቃቀርም በዚህ ይስማማል። የመጽሐፉ የዕብራይስጥ ስም ውዳሴዎች ማለት ነው፤ በውስጡ ግን ከሌላው ዓይነት ሁሉ በቁጥር የሚበልጡት የሰቆቃ መዝሙሮች ናቸው። መዝሙር 13 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር) በስድስት ቁጥሮች ብቻ «እስከ መቼ» ከሚል አራት ጊዜ ከተደገመ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ዝማሬ ይደርሳል። መዝሙር 88 ግን በጨለማ ያበቃል፤ ወደ ምስጋና አይሻገርም፤ ቢሆንም የውዳሴዎች መጽሐፍ አላስወጣውም። ዋልተር ብሩገማን የተባሉት የብሉይ ኪዳን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 በጻፉት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሰቆቃ ከአምልኮ ሲጠፋ የቃል ኪዳኑ ግንኙነት ራሱ እንደሚጎዳ ተከራክረዋል፤ ሰው እውነቱን የማይናገርበት ምስጋና ሽንገላ ሊሆን ይችላልና። በዚህ ላይ እኛ ልንጨምርበት የሚገባው ክርስቶስ በመስቀል ላይ የመዝሙር 22ን ጩኸት የራሱ ማድረጉን ነው (ማር. 15፥34)። ከዚያ ወዲህ የአማኝ ሰቆቃ ልጁ ባለፈበት መንገድ ወደ አብ ይደርሳል።

የራሳችን የዝማሬ ታሪክ ይህን ያውቃል። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ታፍነው ተገደሉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም ስለ እምነቱ ለዓመታት ታሰረ። ሊላ ባሊስኪ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ተስፋዬ ዝማሬዎች ያሳተሙት ጥናት በንዑስ ርእሱ ሦስት ስፍራዎችን ይጠቅሳል፦ ባቢሎን፣ «እስከዚያው» ያለው ጊዜ፣ ጽዮን። ለመጋቢ ይህ ጠቃሚ ካርታ ነው። ከሪያድ ወይም ከቤሩት የልጇን ስልክ የምትጠብቅ እናት፣ ጦርነት ቤቱን ያፈረሰበት አባት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ ሁሉም የሚኖሩት በ«እስከዚያው» ውስጥ ነው። የእሑድ ፕሮግራማችን ግን ብዙ ጊዜ ጽዮን እንደ ደረስን ሆኖ ይከፈታል፤ እንደዚያው ሆኖም ይዘጋል። ዝማሬዎቹ ሐሰት አይደሉም፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን እነዚህ ሰዎች በመካከላችን እየቆሙ የራሳቸው ቃል ያጣሉ።

የሐዘኑ ቃል ሲጠፋ የደስታውም ቃል ይጎዳል ብያለሁ። ያዕቆብ መከራ የደረሰበት እንዲጸልይ፣ ደስ ያለው እንዲዘምር ይነግረናል (5፥13)፤ አንዱን የሌላው ቅጣት አላደረገውም። በዘዳግም 26 የመከሩን በኵራት የሚያቀርብ እስራኤላዊ ስለ ዘንድሮው እህል ከመናገሩ በፊት ስለ ተንከራታቹ አባቱ፣ ስለ ግብፅ ባርነትና ስለ ጩኸቱ እንዲናዘዝ ታዟል። ከዚያም ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋር ሆኖ ደስ ይለዋል (26፥11)። የጥጋብ ቀን አደጋው መርሳት መሆኑን ዘዳግም ቀደም ብሎ አስጠንቅቋልና (8፥10–14)። ከዐሥሩ ለምጻሞችም ለማመስገን የተመለሰው አንዱ ሳምራዊ ብቻ ነበር (ሉቃ. 17፥15–16)። እንግዲህ ቪዛ ያገኘው፣ ልጅ የወለደችው፣ ቤት የሠራው ሲመሰክሩ ዝም አናሰኛቸው። ነገር ግን ምስክርነታቸው የትናንቱን ጩኸት የሚያስታውስ፣ ዛሬም የሚጮኸውን ወንድም ወደ ማዕዱ የሚጠራ እንዲሆን እናስተምራቸው። ያለዚያ ምስጋናችን ያልተመለሰለትን ሰው «እምነትህ አንሷል» ብሎ የሚከስስ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በለቅሶ ቤት ስታነብቡ ከምስጋናው ቁጥር በፊት ያለውን ልብስ መቅደድና መንቀጥቀጥም አንብቡ፤ ሐዘንተኛው ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ ያገኛል። የአምልኮ መሪዎች በየወሩ ቢያንስ አንድ የሰቆቃ መዝሙር በጉባኤ እንዲነበብ ያድርጉ፤ ከመዝሙር 13 ቁጥር 4 ወደ ቁጥር 5 ሲሻገሩም አይቸኩሉ፤ የዝምታ ጊዜ ይስጡ። ምእመናንን ስትጎበኙ ደግሞ «እንዴት ናችሁ?» ለሚለው ጥያቄያችሁ «ተመስገን» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ የሕዝባችን መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ከኋላው ያልተነገረ ነገር አለ። ሁለተኛ ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱንም እስኪያልቅ ስሙ። ዛሬ ማመስገን ያቃተው ሰው ካለ፣ እርሱ እስኪችል ድረስ ጉባኤው ስለ እርሱ ይዘምር፤ እርሱን ግን ለምን አልዘመርክም ብሎ አይቁጠርበት።

በዕዝራ 3፥12–13 የቤተ መቅደሱ መሠረት ሲጣል፣ የቀድሞውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ። ሕዝቡም የእልልታውን ድምፅ ከልቅሶው ለይቶ ማወቅ አልቻለም። ካህናቱ መለከት ይዘው፣ ሌዋውያኑ ጸናጽል ይዘው በዚያ ቆመው ነበር፤ አልቃሾቹን ዝም ያሰኘ አገልጋይ ግን አልተጠቀሰም። በየአጥቢያችን የቆማችሁ መጋቢዎችና ነገ ልትቆሙ የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ሁለቱም ድምፅ በአንድ ጉባኤ ወደ አንድ አምላክ እንዲወጣ ስፍራ ስጡ።