ጠበኛው ዓሣ ምን እየጠበቀ ነው?

በትንሽ አኳሪየም ውስጥ አንዱ ዓሣ ሌሎቹን ማሳደድ ሲጀምር ወዲያው የሚወጣለት ስም «ክፉ» ነው። ስሙ ከወጣ በኋላ ፍርዱ አይዘገይም፤ ወይ ዓሣው ተይዞ ይወጣል፣ ወይ «ቆይቶ ይለምዳል» ተብሎ ይተዋል። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ጠቡ የዓሣው ዐመል ነው የሚል እምነት። በአኳሪየም ዓሣ መያዝን እንደ ሙያ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በትንሽ ውሃ ውስጥ የሚታየው ጠብ በአብዛኛው ከአቀማመጡ የሚመጣ ነው። አሳዳጁ የሚጠብቀው ነገር አለው፤ ተሳዳጁ ደግሞ መሄጃ የለውም። እነዚህ ሁለቱ ሳይነኩ ዓሣ መለዋወጥ ጠቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማዘዋወር አያልፍም።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማየት ከልኬት መነሣት ይሻላል። ለጀማሪ የሚሸጠው የተለመደ ሳጥን 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 35 ከፍታ አለው። እስከ አፉ ቢሞላ 63 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠርና ድንጋይ ሲገባበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሬድ ቴይል ሻርክ የሚባል የታይላንድ ዓሣ አለ፤ ገላው ጥቁር፣ ጭራው ቀይ ነው፤ ከስሙ በቀር ከሻርክ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ጣት አያክልም። ሲያድግ ግን ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የሳጥኑ ርዝመት የራሱን ቁመት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ቢሆን ነው። ወንዝ ውስጥ መኖሪያውን የሚጠብቅ ዓሣ የተጠጋውን ጥቂት አባርሮ ይመለሳል፤ ተባራሪው ከዓይኑ ጠፍቷልና ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ጠቡን የሚያሳጥረው የአሳዳጁ ርኅራኄ አይደለም፤ የተሸናፊው ሽሽት ነው። መስታወት ውስጥ ሽሽቱ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። ተሸናፊው ጥጉ ላይ ቆሞ ይታያል፤ እየታየ እስካለ ድረስ ለአሳዳጁ አልሄደም ማለት ነው፤ ስለዚህ እንደገና ይመጣበታል። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጠበኝነት ያሳተመው መጽሐፍ የሚነሣው ከኮራል ዓሦች ነው። እርሱ ያስተዋለው ዓሦቹ ከሁሉ አብልጠው የሚያጠቁት የገዛ ዝርያቸውን መሆኑን ነበር። የዝርያው ዓሣ የሚበላው፣ የሚያድርበትና የሚፈልጋት እንስት ከአጥቂው ጋር አንድ ነውና ዋናው ተቀናቃኙ እርሱ ነው። ሬድ ቴይል ሻርክም ከላይ የሚዋኙትን ትንንሽ ዓሦች ብዙ ጊዜ ሳይነካ ቅርጹ የሚመስለውንና እንደ እርሱ ወለሉ ላይ የሚመላለሰውን ለይቶ ያሳድዳል። ነገሩ የዐመል ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልመረጠ ነበር።

አብዛኛው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አሳዳጁ ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን ተሳዳጁ ነው። ከማሞቂያው ጀርባ፣ ከውሃው ገጽ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ የሚቆመውን ዓሣ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ክንፎቹ ከገላው ጋር ተጣብቀዋል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ የጭራው ጫፍ ነጣ ብሎ ተተልትሏል። ምግብ ሲጣል አንድ ጊዜ ብቅ ይላል፤ አሳዳጁ ገና ፊቱን ሲያዞር ግን ተመልሶ ይሸጎጣል። ሌሎቹ በልተው ሲበተኑ ወለሉ ላይ የቀረ ፍርፋሪ ቢኖር እንኳ ወርዶ አይለቅምም። እንዲህ ያለ ዓሣ በንክሻ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። የሚጨርሰው ረሃብና ጭንቀት ነው፤ ጭንቀቱ በሽታ የመቋቋም ኃይሉን ያደክመዋል፣ የተቀደደው ክንፍ ደግሞ ለባክቴሪያና ለፈንገስ በር ይከፍታል። ቁስሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲታይ ባለቤቱ በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ይጨምራል። አንዳንዱ መድኃኒት ማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩትንና አሞኒያን የሚያጠፉትን ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ ጤነኞቹ ዓሦችም አብረው ይታመማሉ። ብዙ ትንንሽ አኳሪየሞች ባዶ የሚቀሩት በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ሲጠየቅ ምክንያቱ «በሽታ» ይባላል፤ ከበሽታው በፊት የነበረውን ማሳደድ የሚያነሣ የለም።

ዓሣው ምን እየጠበቀ ነው የሚለው ጥያቄ ዋና የሚሆነው መልሱ መፍትሔውን ስለሚገለብጠው ነው። ታይገር ባርብን እንውሰድ፤ ወርቃማ ገላው ላይ ጥቁር ሸንተረር የወረደበት፣ ሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያድግ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ ሲገባ የኤንጅል ዓሣን ረጅም ክንፍና የጉፒ ዓሣን ጭራ እየነጨ ሰላም ያሳጣል። የሚጠብቀው ጉድጓድ የለውም፤ የመንጋ ዓሣ ነው። ማን ይቅደም የሚለውን ሽኩቻ የሚጨርሰው ከራሱ ወገን ጋር ሲሆን፣ ወገን ሲያጣ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ ሰፋ ባለ ሳጥን ውስጥ ቁጥሩን ወደ ስምንትና ከዚያ በላይ ማድረስ ንክሻውን ይቀንሰዋል፤ ያም ሆኖ ክንፈ ረጅም ዓሣ አብሮት ባይኖር ይመረጣል። ይህንኑ መድኃኒት ለሬድ ቴይል ሻርክ የሰጠ ሰው ግን ሁለተኛውን ዓሣ ገዝቶ አስገደለ ማለት ነው፤ ያ ዓሣ በአንድ ሳጥን አንድ ብቻ ነው የሚያዘው። ኮንቪክት ሲክሊድ የተባለው የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ጨዋ ሆኖ ኖሮ አንድ ቀን ይለወጣል። ተባዕትና እንስት ተጣምረው ድንጋይ ላይ እንቁላል ጥለዋልና ሌላውን ዓሣ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይነዱታል። ወላጆች ናቸው፤ እንቁላሉ ሲነሣ ወይም ጥንዶቹ ሲለያዩ ጠቡም ይበርዳል። የእኛው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ወንዱ በመራቢያ ወቅት ሐይቅ ዳር ክብ ጉድጓድ ቆፍሮ የተጠጋውን ሁሉ ሲያባርር ይታያል፤ ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ግን ማንም ክፉ አይለውም። ቻይኒዝ አልጂ ኢተር የሚባለው ደግሞ ከሦስቱም የተለየ ነው። በልጅነቱ መስታወት ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር እየላሰ ያጸዳል ተብሎ ይገዛል። ሲያድግ 25 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ የዘገምተኛና ጠፍጣፋ ዓሦች ጎን ላይ ተለጥፎ የቆዳቸውን ዝልግልግ ሽፋን መጋጥ ይጀምራል። ምንም አይጠብቅም፤ እየበላ ነው። ለእርሱ የሚሠራ ብልሃት የለም፣ ከዚያ ሳጥን መውጣት ብቻ ነው።

ሰዎች ሲጣሉ ገላጋይ አስቀድሞ ያለያያል፤ ስለ ምን ተጣላችሁ የሚለው ሽማግሌ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የቆሰለ ዓሣ ካለ ማሞቂያና የአየር ፓምፕ ወዳለው ሌላ ንጹሕ ውሃ ይወጣል። የቆሰለ ከሌለ የሚወጣው አሳዳጁ ነው፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ በሚንጠለጠል የመረብ ሣጥን ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ምክንያቱ በዓሣ ጠባይ ጥናት በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው፤ ሁለት እኩያ ዓሦች ሲጋጠሙ ቦታውን ቀድሞ የያዘው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። የባለቤትነቱ ምልክቶች ያ ድንጋይ፣ ያ ዋሻ፣ ያ የተክል ጥላ ናቸው። ስለዚህ እርሱ በመረብ ውስጥ እያለ ወለሉ ይገለበጣል። ድንጋዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ዋሻው አፉ ይዞራል፣ ተክሉ መሐል ላይ እንደ መጋረጃ ይተከላል። ሥራው መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ። በሳጥኑ አጭር ጎን ጎንበስ ብሎ፣ ዓይንን ዓሣው በሚዋኝበት ከፍታ ላይ አስተካክሎ ወደ ማዶ ማየት ነው። ማዶ ያለው መስታወት ከታየ ዓሣውም ያየዋል፤ አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ጭብጥ ተክል ይጎድላል ማለት ነው። ዋሻ ደግሞ ሁለት አፍ ይኑረው። አንድ አፍ ያለው ዋሻ ለባለቤቱ ምሽግ፣ ለሸሸው ግን ወጥመድ ነው። ከባድ ድንጋይ የሚቀመጠው በጠጠሩ ላይ አይደለም፤ ወለሉን የሚቆፍር ዓሣ ካለ ድንጋዩ ተንዶ መስታወት ይሰነጥቃልና መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ከዚያ ዙሪያውን ጠጠሩ ይገባል። ምግቡ በሁለቱ ጫፍ በአንድ ጊዜ ይጣላል፤ አንድ ዓሣ ሁለት ማዕድ ባንድ ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም። አሳዳጁ የሚመለሰው በመጨረሻ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሲነጋ ራሱን የሚያገኘው በእንግዳ አገር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ሳጥኑን ማስፋት ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን በምን ያህል ማስፋት? አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮናልድ ኦልድፊልድ ሚዳስ ሲክሊድ በተባለው የኒካራጓ ዓሣ ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትሟል። ጠበኝነቱ የቀነሰው ውሃው በጣም ሲሰፋና ውስጡም መሸሸጊያ ሲበዛበት ነበር፤ በትንንሾቹ ሳጥኖች መካከል ያለው የስፋት ልዩነት ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ከ40 ሊትር ወደ 60 መሸጋገር ለባለሱቁ ሽያጭ ነው፣ ለዓሣው ግን እምብዛም ትርጉም የለውም። በዚያው ገንዘብ መደበቂያ መሥራት ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ስለሆነ ይከብዳል። የማላዊ ሐይቅን ምቡና ዓሦች በአኳሪየም የሚይዙ ሰዎች ሳጥኑን ሆን ብለው ያጨናንቁታል፤ ዓሣው ሲበዛ አሳዳጁ አንዱን ነጥሎ መያዝ ያቅተዋል፣ ቦታ መጠበቁም አያዋጣውም። ብልሃቱ ይሠራል። የሚሠራው ግን በትልቅ ሳጥን፣ በኃይለኛ ማጣሪያና ውሃውን ቶሎ ቶሎ በመቀየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጨመርበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንዲሁ። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር ስምንት ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው ስድስት ገደማ ነው። የአየር ፓምፑ እየሠራ ይህ ይበቃል። መብራት በሄደ ጊዜ ግን የተጨናነቀ ትንሽ ሳጥን ቶሎ ይታፈናል፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ገጽ አውጥተው አየር ሲምጉ ጠቡን የሚያስታውስ የለም። ለናይሮቢም ለአስመራም ሒሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሦስተኛው «እንግዲህ ክፉ ዓሣ የለም ልትለን ነው?» የሚለው ነው። አለ። ቤታ የተባለው ዓሣ ወንዶች በታይላንድ ለውጊያ እየተመረጡ ለብዙ ትውልድ ተራብተዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ዋሻ ማብዛት ቂልነት ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥም ቢሆን አንዱ ከሌላው ይበልጥ ደፋርና ተጋፊ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጥናት የታወቀ ነው። ይሁንና ዝርያው ወይም ግለሰቡ ብርቱ በሆነ ቁጥር የአቀማመጡ ጥያቄ ይጠነክራል እንጂ አይወድቅም። «ጉልበተኛውን አውጣና ተገላገል» የሚሉ ሰዎችም ከወር በኋላ ሁለተኛው ወንድ የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ ሲያሳድድ ያያሉ። ዋሻው አንድ፣ ማዕዱ አንድ፣ መሸሻውም የሌለ እስከሆነ ድረስ ቦታው ባለቤት አያጣም።

ሁሉ ተሞክሮ የማይሆን ዓሣ ግን ይኖራል፤ ለምሳሌ በ60 ሊትር ውስጥ ያደገ ሬድ ቴይል ሻርክ። እርሱን ማውጣት ሽንፈት አይደለም። ሲገዛ ስለ ልጅነቱ እንጂ ስለ ጉልምስናው የጠየቀ ስለሌለ ነው እዚህ የደረሰው፤ ሻጮችም ዓሣው ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን ሳይጠየቁ ቢናገሩ ከዚህ ጣጣ ግማሹ ባልኖረ ነበር። የወጣው ዓሣ ለሱቁ ይመለስ፣ ሰፊ ሳጥን ላለው ሰው ይሰጥ፣ ወይም ለብቻው ይያዝ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን በፍጹም አይለቀቅ። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከውጭ የመጣ ዓሣና ይዞት የሚመጣው በሽታ እዚያ ከገባ መልሶ የሚያወጣው የለም።