ሦስተኛው ተናጋሪ

ወደ ክርክር ክበባችን የሚመጡ ተማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ አንደበታቸውን ስለማሳመር ነው። እኔ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ አስይዤ አስቀምጣቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ ዓምድ ያሰምራሉ፤ የተባለውን በአጭሩ፣ መልሱንም ከጎኑ ይጽፋሉ። ሳይጽፍ የሚከራከር ልጅ የሚመልሰው ባላጋራው ለተናገረው ሳይሆን ይናገራል ብሎ ለገመተው ነው።

የምንከተለው የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድርን ሥርዓት ነው። በየወገኑ ሦስት ተናጋሪ ይሰለፋል፤ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ ይሰጠዋል። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በቀር ተቃራኒው ወገን ተነስቶ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ መቀበልና አለመቀበል የተናጋሪው ፈንታ ነው። በማሳረጊያው አንደኛው ወይም ሁለተኛው ተናጋሪ ተመልሶ 4 ደቂቃ ይናገራል፤ ተቃዋሚው ይቀድማል። ዳኞች ከመቶው 40 ለይዘት፣ 40 ለአቀራረብ፣ 20 ለስልት ይሰጣሉ።

ሁሉም አንደኛ ተናጋሪ መሆን ይፈልጋል፤ ንግግሩን ቤቱ አጥንቶ መምጣት ይችላላ! ሦስተኛው ግን ሥራው በአብዛኛው ማስተባበል ስለሆነ የሚናገረውን የሚያገኘው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠንካራውን ልጅ የማስቀምጠው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

«ሞባይል በትምህርት ቤት ይከልከል» ተብሎ ተቃዋሚው «ወላጅ ልጁን ማግኘት ይቸግረዋል» አለ እንበል። ጀማሪ «ውሸት ነው» ብሎ ይነሳል። የበሰለው «እሺ፣ ይቸገር። ግን ይህ በወር ስንት ቀን ያጋጥማል? የጽሕፈት ቤቱ ስልክስ? በየቀኑ ከሚባክነው የክፍል ጊዜ ጋር ሲመዘን የቱ ይከብዳል?» ይላል። የባላጋራውን ነጥብ ተቀብሎም ያሸንፋል። ይህን ለማስለመድ በልምምድ መሀል ድንገት ወገን አስቀይራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ያኮርፋሉ፣ ኋላ ይወዱታል።

አዳራሹ የሚያጨበጭበው ግን ለተረትና ለምሳሌያዊ አነጋገር ነው። የ«በላ ልበልሃ» ሙግት አገር ሰዎች ስለሆንን ይመስለኛል፤ አልከፋበትም። ይሁንና ያ ሙግትም በጥያቄና መልስ የሚካሄድ ነበርና ጆሮ የሌለውን ተሟጋች ግጥም ብቻ አያድነውም።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፦ «ከብዕርና ከሰይፍ የቱ ይበልጣል» ዓይነት የቆየ የትምህርት ቤት ርዕስ። ሁለቱም ወገን ውዳሴ ደርድሮ ይቀመጣል፤ ማንም ምንም ይደረግ አላለምና የሚጎዳም የሚጠቀምም የለም። ስለዚህ እኛ ጋ ርዕስ ሁሉ «ይደረግ» ወይም «ይቅር» የሚል ነው። ሦስተኛው ተናጋሪ ያኔ የሚመዝነው ያገኛል።