ጭድ የገባበት ግድግዳ

በነባር የጭቃ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ሲቀጠል ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ መሬት የሚገባው ጫፉ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ማገሩ በምስማር ይመታል። ከዚያ ጭቃው ይመጣል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ተሸፍኖ ለቀናት የቦካ። ችኩል ለጣፊ አልወድም፤ በደንብ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭዱ ጭቃውን አንድ ላይ ይይዘዋል፤ አየር ስለሚያቅፍም ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የቀኑን ፀሐይ ቀስ ብሎ የጠጣ ወፍራም ግድግዳ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲበርድ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ባዶ ብሎኬት፣ ባለቤቶቹ አይቀየሙኝና፣ በዚህ አይስተካከለውም።

አስቸጋሪው ቆርቆሮው ነው። ቀን ያግላል፣ ማታ ያንዘፈዝፋል፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ሰው አያነጋግርም። ከሥሩ የተወጠረ ኮርኒስ በመሃል አየር ስለሚያስቀር ሦስቱንም ያለዝባል። የአናጢው ሙያ የሚለየው ግን ሁለቱ ጣራዎች በሚገናኙበት ላይ ነው። ጎበዙ የአዲሱን ቆርቆሮ ጫፍ ከአሮጌው ክፈፍ ሥር አስገብቶ ይደርበዋል፤ ተዳፋቶቹ ፊት ለፊት ከተገናኙ ደግሞ አሸንዳ ያበጅላቸዋል፤ አለዚያ ውሃው ቀጥ ብሎ ያን የተለፋበት ግድግዳ ውስጥ ይገባል።