ስም የሌለው ፎቶግራፍ

ሰሞኑን እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ከወዳጆቼ ጋር ቡና እየጠጣን አንድ የቀድሞ አየር ኃይል ፎቶግራፍ በስልክ ደረሰን። ደብረ ዘይት የተሰለፉ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶች፣ ከክንፋቸው ሥር ፈገግ ያሉ ወጣቶች። «ወይ ዘመን!» ተባለና ታለፈ። መሐንዲስ ነኝና ዓይኔ ቱታ በለበሰው መካኒክ ላይ ቀረ። ማነው? ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ።

በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ በተቋረጠበት ወቅት፣ እነዚሁ አሜሪካ ሠራሽ ጄቶች የሶማሊያን ሚጎች ከኦጋዴን ሰማይ አወረዱ። የእነ ለገሠ ተፈራ ስም ተከብሮ ይኖራል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ሞተሩን የሚጠግን፣ ጥይት የሚያጎርስ ሰው ከሌለ ጄት አይነሳም። የእኛ ፎቶ አፍቃሪዎች የአውሮፕላኑን ሞዴል አሳምረው ይነግሩናል፤ የሰውየውን ስም ግን አይጠይቁም። ይህ ትዝታ እንጂ ታሪክ አይደለም።

ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ምስክሮቹም አብረው ተበተኑ። ጣሊያን የወሰደቻት «ፀሐይ» አውሮፕላን በ2016 ዓ.ም. ተመልሳለች፤ የሞተ ምስክር ግን አይመለስም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፎቶውን ከማካፈላችሁ በፊት ለአንድ አዛውንት የአየር ኃይል ባልደረባ ደውሉ። ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ቸር ይግጠመን።