ብጫው ወይን ጠጅ ሲሆን

በአሲድ ጠርሙስ ላይ ጠብታ የሚበላት እጅ ተስላ ታያላችሁ። ምስጋናዬ እንዲህ ካሉ ማስጠንቀቂያዎች ጀርባ ላለው የቆዳ ሙከራ ነው፤ እሱ ባይኖር የኬሚካሉን ክፋት ቀድሞ የሚያውቀው የሠራተኛው እጅ ነበር።

ተመራማሪው ድሬይዝና ባልደረቦቹ በ1944 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዘዴ ፍዳውን የሚያየው ፀጉሩ የተላጨ ጥንቸል ነበር። ዛሬ ከሰው ሴል የበቀለች ትንሽ ክብ ቆዳ ትበቃለች። ኬሚካሉ ይቀባባታል፣ ይታጠብላታል፣ ከዚያ 42 ሰዓት ያህል ትቆያለች። (ይህችን ትዕግሥት እወዳታለሁ።) በመጨረሻ ኤምቲቲ የተባለ ብጫ ቀለም ይቀርብላታል፤ ሕያው ሴል ወይን ጠጅ ያደርገዋል፣ የሞተ አይችልም። ሕያውነቷ ከ50 በመቶ ካልበለጠ ኬሚካሉ ቢያንስ ቆዳ አስቆጪ ይባላል። ኬሚካሉ ራሱ ባለቀለም ከሆነም ለብቻው ማነጻጸሪያ ይሠራለታል።