5.0 ኮከብ ምን ያህል ይታመናል?

አንድ ክሊኒክ ቴሌግራም ላይ «በጉግል ካርታ 5.0 ነን» ብሎ ከለጠፈ፣ መጀመሪያ ስንት ሰው ኮከብ እንደሰጠው እዩ። ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ አራተኛው ሰው አንድ ኮከብ ሲሰጥ አማካዩ 4.0 ይሆናል። ከ200 ሰው 4.3 ያገኘው ግን በዚያው ቅሬታ 4.28 ላይ ይቆማል፤ እኔ እሱን አምናለሁ።

ወረታ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የርብና የጉማራ ሙላት ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ ወባ ይመጣል። ከሩዝ ማሳው ትኩሳት ይዞት የመጣ ገበሬ ስማርት ስልክ ከሌለው ኮከብ አይሰጥም። የሚሰጠውም ሰው የሚመዝነው መስተንግዶውን ነው፤ መድኃኒቱ የታዘዘው ደም ተመርምሮ ይሁን በግምት፣ ኮከቡ አይናገርም። በቲክቶክ «ዳንኩ» የሚለውም ያው ነው፤ ያልዳነውን ማን ይቀርጸዋል? «ደም ሳንመረምር የወባ መድኃኒት አናዝም» ብሎ የሚለጥፍ ክሊኒክ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።